ከቢር የጃፓኑን ፊልም የተረጎመበት ጁምዓ

ከቢርን ዝም ሲል ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ አላየሁም። ግድግዳ ሲቀባ ያወራል፣ ሲበላ ያወራል፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩ ባበጠ ሰሞን እንኳ በአንድ በኩል እያወራ አስቆናል። ታዲያ ይሄ ሁሉ አፍ ለአንዲት ሴት አንድ ቃል ማውጣት ሲያቅተው ሳይ፣ በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም ነበር። አሁንም ሳስበው አንጀቴ ያራል።

እኔ እጅጋየሁ ነኝ፤ ካርቱም፣ ጀብራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ነበረኝ። ይሄን የማወራችሁ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ሰው ካርቱም ውስጥ ከድልድይ ድልድይ እየተሯሯጠ ኑሮውን በሚገፋበት ጊዜ ስለሆነው ነገር ነው። ከምግብ ቤቱ ኋላ ሰፊ ሆሽ ነበረኝ፤ ሆሽ የሚሉት ግቢውን ነው። ቆርቆሮ አለበስኩት፣ የፕላስቲክ ወንበር ደረደርኩበት፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀልኩና ጁምዓ ጁምዓ ከሰዓት ፊልም ማሳየት ጀመርኩ። ጁምዓ የሆነበት ምክንያት በየሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን የሚለቀቁት በዚያ ቀን ብቻ ስለሆነ ነው። ከአርካዊት፣ ከወንዝ ማዶ፣ ከየት ከየቱ ሻርፓቸውን አሳምረው ይመጣሉ። ወንዶቹም የቀን ሥራ የለምና ይመጣሉ። አብዛኞቹ የሊቢያን መንገድ የሚጠባበቁ ልጆች ናቸው። ዛሬ ከት ብሎ የሳቀውን ልጅ በሚመጣው ጁምዓ ስፈልገው ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኛለሁ። «የት ሄደ?» አልልም፤ ይታወቃል።

ፊልሙ ከሱቅ በፍላሽ ተገልብጦ ይመጣል፤ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ አለው። የኛ ሰው ዓረብኛ የሚያውቀው በጆሮው ነው፣ ለገበያና ለማዳም የሚበቃውን ያህል። ማንበብ የሚባል የለም። ከቢር ግን ልጅ ሆኖ ወሎ ውስጥ መድረሳ ተምሮ ስለነበር አጥርቶ ያነባል። ማይኩን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጥና እያነበበ በአማርኛ ያወርደዋል። ጎረምሳውም፣ ልጃገረዷም፣ ንጉሡም፣ አሮጊቷም እሱ ነው።

የቤታችን ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ አስተርጓሚ ዝም አይልም። ፊልሙ ውስጥ ማንም ካላወራ ከራሱ ጨምሮ ያወራል። ፈረስ ሲሮጥ ካየ «ይሄ ፈረስ ቁርሱን አልበላም፣ ግን ለማን ይናገር?» ይላል። መኪና ሲባረር ካየ «ይሄን ጀብራ አምጥቶ ይንዳውና ጎማው ሲቀር እንየው» ይላል። ድንገት ዝም ካለ ግቢው በሙሉ «ከቢር! ተኛህ እንዴ?» ብሎ ይጮህበታል። ሰዉ የሚመጣው ለፊልሙ ይሁን ለሱ ወሬ እኔም አልለየሁት።

ካርቱም የመጣው ለሁለት ሳምንት ነበር። ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ አውሮፓ፤ ሐሳቡ ይሄ ነው። መጀመሪያ ደላላው ጠፋበት። ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ ወባ ጣለው። ከዚያ ቀለም ቀቢነት ለመደና በእጁ ሥራ ተወደደ፤ ሱዳኖቹ ራሳቸው «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ያንን ሐበሻ ጥሩልኝ» እያሉ ይፈልጉታል። እሱ ግን «በሚመጣው ወር እወጣለሁ» ከማለት አልወጣም። አልጋ ግዛ ስለው «ለመንገደኛ አልጋ ምን ያደርግለታል?» ይለኛል። ፍራሹ መሬት ላይ ነው፤ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ ነው። የቀለም ሱቅ እንክፈትልህ፣ ዋስ እሆንሃለሁ ብለው እንደ ስድብ ቆጠረው። ቁጭ ሲል እንኳ እግሩ አያርፍም፤ ጠረጴዛዬን ሲያንቀጠቅጠው ይውላል። አስራ ሁለት ዓመት መንገደኛ! ኧረ ጉድ ነው፤ አስራ ሁለት ዓመት መንገደኛ ይኮናል እንዴ?

ዛሂራ የባቲ ልጅ ናት። አርካዊት አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቤት ነበር የምትሠራው። ረጋ ያለች፣ ቁም ነገረኛ፣ ግን ሳቅ የምትወድ። ሁሌም ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። ከቢር ቀልድ ሲጀምር ሰዉ ገና ሳይገባው እሷ አፏን በሻርፗ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ፊልሙ ሲያልቅ ከቢር ሃፍላ፣ አውቶቡሱን ማለት ነው፣ እስከምትሳፈርበት ድረስ ይሸኛታል። መንገዱን ሙሉ የፊልሙን ወሬ ነው የሚያወራት። ሃፍላው እስኪነቃነቅ ድረስ በመስኮት እያወራት ይቆማል። ሌላ ነገር ብሏት አያውቅም። እኔ ምግብ ቤት ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ሰው ምን እንደራበው ከፊቱ አነባለሁ። ሁለቱም ይዋደዳሉ። አለቀ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን የዛሂራ አሠሪዎች ቤታቸውን ሸጠው ወደ ካይሮ ሊሄዱ ሆነ። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ በነሱ ስም ነው። እነሱ ከሄዱ ቤትም ወረቀትም የላትም፤ ከሻ በመጣ ቁጥር፣ ፖሊስ ሰው በለቀመ ቁጥር ልትደበቅ ነው። በዚህ መሐል ተውፊቅ የሚባል፣ ከወንዝ ማዶ ኦምዱርማን ገበያ ሱቅ ያለው ያገራችን ሰው ሽማግሌ ላከባት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ገና ስሙ ሲነሳ እሰድበው ነበር። ግን ምንም አይወጣለትም።

ዛሂራ መልስ የምትሰጠው በዚያ ጁምዓ ነው ተባለ። የተውፊቅ ታላቅ እህት ረሺዳ እኔ ቤት መጥታ መልሷን ልትሰማ፣ እሺ ካለች ይዛት ኦምዱርማን ልትሻገር፣ እዚያ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሊጠብቁ ተቀጠረ። እምቢ ካለችም ረሺዳ ብቻዋን ትመለሳለች። ዛሂራ ይሄንን የነገረችኝ ረቡዕ በስልክ ነው። መጨረሻ ላይ «ለከቢር ንገሪው፣ እትዬ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። መጨመር ነበረባት?

ጁምዓ ገና ከመድረሱ ከቢርን ወደ ማድቤቱ ጎተትኩትና ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አፈር ስሆን፣ ዛሬ ንገራት» አልኩት።

«ምን ብዬ? እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ፣ እትዬ። ተውፊቅ ቤት አለው።»

«ቤት አለህ ወይ ብላ የጠየቀችህ ሴት አለች? ንገሪው ነው ያለችኝ!»

«ኢንሻአላህ» አለኝ፣ ማይኩን በቀሚሱ ጫፍ እየወለወለ። ኢንሻአላህ ሲለኝ ደሜ ፈላ። የሱን ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ፤ ሊቢያ የሚሄድባት ኢንሻአላህ ናት።

የዚያን ቀን ፊልም የመረጠው ምንዳዬ ነበር። ምንዳዬ የጎጃም ልጅ ነው፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሎ ቁጭ ማለት የማይችል። «ሳሙራይ ነው፣ እትዬ! የጃፓን ጥንት ነው፣ ሰይፍ ነው፣ ደም በደም ነው» ብሎ ጓደኞቹን ሁሉ ጠርቶ ግቢዬን ሞላው። ረሺዳም ቀደም ብላ መጥታ ከዛሂራ ጎን ተቀመጠች። ኦምዱርማን ሰልፍ ሊኖር ነው ተብሏልና ድልድዩን እንዳይዘጉት ሰግታለች፤ በየደቂቃው ስልኳን ታያለች፤ «ያላ፣ ቶሎ ጀምሩት» ትላለች። ሙቀቱ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰይፍ ያለው ሰውዬ አለ፣ እውነት ነው። የአንድ ባላባት ጠባቂ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሰይፉን ይፈራለታል። እሱ ግን ድልድይ አጠገብ ጃንጥላ የምትሠራ ሴት ወዷል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጃንጥላውን ራሱ ይሰብርና እንድትጠግንለት ይዞላት ይሄዳል። ትጠግንለታለች፣ ጎንበስ ብሎ ያመሰግናታል፣ ይሄዳል። ሲዘንብ እንደገና ይሰብራል። በዚህ መሐል ቤተሰቦቿ ለአንድ ሩዝ ነጋዴ ሊድሯት ተስማሙ። ከዚያ ከህረባ ጠፋ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሰዉ ስለ ፊልሙ ይከራከራል፤ እሱም የቤታችን ወግ ነው። ምንዳዬ ብድግ አለ።

«ሦስት ጃንጥላ ሰበረ፣ አንድ አንገት አልቆረጠም! ይሄ ምኑ ሳሙራይ ነው? አንዱን እንኳ አይወጋም?»

ወንዶቹ አጨበጨቡለት። ከኋላ አንዷ ሴት «አንተ ምን ይገባሃል፣ ዓይኑን አታይም?» አለችው። «እንደሱ በዓይኑ ያየኝ ሰው ቢኖር ዛሬ ሰው ቤት ሰሃን አላጥብም ነበር።» ሳቅ ሆነ።

ረሺዳ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ የሩዝ ነጋዴው ምን እንዳጠፋ አልገባኝም» አለች። «ቤት አለው፣ ሥራ አለው፣ ሽማግሌ ልኮ በወግ ጠይቋል። ሴት ልጅ በጃንጥላ ሰባሪ ዕድሜዋን ትጨርስ እንዴ?»

ጥቂት ትልልቅ ሴቶች «እውነቷን ነው፣ ወላሂ» አሉ። ከዚያ ዛሂራ ተናገረች። ዞር ብላ ለረሺዳ አልነበረም፤ ወደ ፊት፣ ጨለማው ቴሌቪዥን ወዳለበት እያየች ነበር።

«ነጋዴውም አላጠፋም። እሷም አታጠፋም» አለች። «እሷ እኮ ጃንጥላው ለምን እንደሚሰበር ታውቃለች። ለደጉ ሰው ስትጠግንለት ኖረች። ግን የሰው ልብ ውስጥ ገብታ አታይም። ዛሬ ካልነገራት ትሂድ። እኔ አልፈርድባትም።»

ከቢር ማይኩ ባይሠራም አፉ ላይ ይዞታል። «ምናልባት የሚሰጣት ነገር ስለሌለው ይሆናል» አለ በቀስታ። «ሰይፉ እንኳ የባላባቱ ነው።»

«ስጠኝ አለችው?» አለች ዛሂራ።

እግዜር ያሳያችሁ! እዚያ ግቢ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ስለ ጃፓን እየተከራከረ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። «አሁን በል! ተናገር!» ልለው አፌን ስከፍት ጀነሬተሩ ተንኳኩቶ ተነሳና ቴሌቪዥኑ በራ።

ዝናብ ነው። ሴትየዋ ሱቋን እየዘጋች ነው፤ በማግስቱ ልትዳር ነው። ሳሙራዩ መጣ። ሁለቱ አንድ ጃንጥላ ሥር ቆሙ። አይነጋገሩም። ዝናቡ ብቻ ይወርዳል። እሱም አይናገርም፣ እሷም አትናገርም፤ ከሥርም ምንም ጽሑፍ የለም። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። ወንበር ተንቀጫቀጨ። «ከቢር!» አለ ምንዳዬ። «ኧረ ከቢር፣ ተኛህ እንዴ?»

ከቢር ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ...» አለ። ድምፁ የሳሙራይ አልነበረም። «እኔ ሳምንቱን የምኖረው ጁምዓን እየጠበቅኩ ነው። ስትመጪ ገና በሩ ላይ የጫማሽን ድምፅ አውቀዋለሁ። ኋላ ብዙ ወንበር እያለ ፊት ስትቀመጪ፣ ለኔ ብላ ነው እላለሁ። ደግሞ ቆይቼ፣ የለም፣ ዓይኗ ሩቅ ስለማያይ ነው እላለሁ። አንቺን ሸኝቼ ስመለስ መንገዱ ይረዝምብኛል። ሻንጣዬን እከፍትና እዘጋዋለሁ። የትም መሄድ አልፈልግም። እንዴት እንደሚቀመጥ ግን አላውቅበትም።»

እኔ እንባዬ መጣ። ሴቶቹ «ወይኔ!» አሉ። ዛሂራ አልተነቃነቀችም፤ ሻርፗን ጨብጣ ይዛለች።

ይሄኔ ነጂብ ተነሳ። ነጂብ ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ነጂ ነው፤ እናቱ ሐበሻ ናት፣ እሱ ግን እዚሁ ካርቱም ተወልዶ ያደገ። አማርኛው ይሰነካከላል እንጂ ዓረብኛ ማንበብ ይችላል። «ያ ጀማዓ!» አለ። «ይሄ የለም! ጽሑፍ የለም! ሰውዬው አፍ አልከፈተም! ጃፓን ጁምዓ አለ እንዴ?»

ሰዉ ፈነዳ። ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ «ተወው፣ ያውራ!» ይላል፣ ምንዳዬ «ሻንጣውን የት አያችሁት?» ይላል። ዛሂራ ተነስታ ቆመች። እሷ ስትነሳ ጫጫታው በረደ። ረጅም ሴት ናት፤ ቴሌቪዥኑን በጀርባዋ ጋረደችው።

«ከቢር» አለች። «አሁን የተናገረው ሳሙራዩ ነው፣ ወይስ አንተ ነህ?»

ሰው ሁሉ አየው። እኔ በሆዴ ስንት ቅዱስ ጠራሁ። አንድ ቃል ናት፤ «እኔ» ብቻ። በሳሙራዩ አፍ ያን ሁሉ ሲያወራ የነበረ ሰው ነው። ማይኩን ከአፉ አወረደ። ከንፈሩን አራሰ። ወደ ምንዳዬና ወደ ጓደኞቹ አየ፣ ወደ ረሺዳ አየ፣ መሬት አየ።

«ፊልሙ ነው» አለ። «ነጂብ ሳያነበው አልፎት ነው።»

«ወላሂ አላለፈኝም!» አለ ነጂብ።

«እሺ» አለች ዛሂራ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ቦርሳዋን አነሳችና «እንሂድ፣ እህት ረሺዳ፤ ድልድዩ እንዳይዘጋብን» አለች። ረሺዳ «እልል» ልትል አፏን ከፍታ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ሲወጡ ተከትያቸው ሮጥኩ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ እየወለቀ መንገዱ ዳር ደረስኩባቸው። ረሺዳ ረክሻ አስቁማ መሳፈር ጀምራለች።

«ዛሂራዬ፣ ፈርቶ ነው! ሰው ፊት ሆኖበት ነው! እሱ ነው የተናገረው፣ በማርያም እሱ ነው!» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«አንቺ መጣሽ። እሱ አልመጣም።»

ይሄን ብላም አልተሳፈረችም። «ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» ብላ ረክሻውን አሰናበተችው። ረሺዳ «ምን ሆንሽ?» ብትላት ቦርሳዋ ውስጥ ነገር የምትፈልግ መስላ ጎነበሰች። የምትፈልገው ነገር የለም። በኔ ትከሻ ላይ አሻግራ በሬን ታያለች። እኔም ዞሬ አየሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ የማይኩ ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደሚል አይለይም። ሌላ ረክሻ መጣ። እሱንም አሳለፈችው። ረሺዳ ነገሩ የገባት መሰለኝ፤ ከጎኗ ቆመች። እሷም ሴት ናት። ቆምን፣ ቆምን። ፀሐዩ ራስ ይበሳል። ከበሩ አንዲት ድመት እንኳ አልወጣችም።

ከዚያ ሌላ ረክሻ ሲመጣ ዛሂራ ራሷ እጇን አነሳች። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ገባች፣ ሄዱ።

ተመለስኩ። ግቢው ውስጥ ጉድ ፈልቷል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ምንዳዬ፣ ለደም የመጣው ምንዳዬ፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ይጠርጋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሽራይቱን በሸክም ይዘዋት ድልድዩን እየተሻገሩ ነው፤ ሳሙራዩ ከዚህ ማዶ ቆሞ ያያታል። ከቢር ከወንበሩ ተነስቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ማይኩ ውስጥ ይጮሃል።

«አትሂጂ! ተመለሺ! ቤት የለኝም፣ ቤት እሠራለሁ! አልጋ እገዛለሁ! እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ እኔው ነኝ! አትሂጂብኝ!»

ሰዉ በጭብጨባ ግቢውን አናወጠው። ነጂብ ወደኔ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ይሄም የለም» አለኝ። «ሰውዬው ዝም ብሎ ነው የቆመው።»

ሄጄ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ማይኩም ጠፋ። ከቢር አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሰዉ በኔ ላይ ሊጮህ ዞረ።

«መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችህ» አልኩት። «አሁን ነው የሄደችው።»